በቆየ ሞተር ቸርኬ ላይ ሰፋ ያለ የኋላ ጎማ ስለመግጠም

ከደጀን እስከ ቢቸና ባለው የዋልካ መሬት በክረምት ሞተር የነዳ፣ ወይም ጤፍ ጭኖ የጠጠር ዳገት የወጣ ሰው፣ የኋላ ጎማውን ሰፋ ባለ መለወጥ ማሰቡ አይቀርም። ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ሰፊ ጎማ ብዙ አየር ስለሚይዝ ሸክምን ይችላል፣ የድንጋዩንም ምት ያለዝባል። ጎሚስታ ቤት የሚነሣው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎማው ግራና ቀኝ በሚይዘው የኋላ ሹካ መካከል መግባት አለመግባቱ ብቻ ነው። የቸርኬውን፣ ማለትም ጎማው የሚገጠምበትን የብረት ክብ፣ ስፋት የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ነገሩ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው።

ስለዚህ ጎማ ከመግዛትዎ በፊት ቸርኬውን ይለኩ። የሚለካው ከውስጥ በኩል፣ የጎማው ጠርዝ በሚያርፍባቸው በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ከውጭ ጫፍ እስከ ውጭ ጫፍ የለካ ሰው የብረቱን ውፍረት ስለሚጨምር ይሳሳታል። ብዙ ጊዜ ልኩ በቸርኬው ላይ ታትሞ ይገኛል፤ ዝገቱንና ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ሲያጸዱት 1.60፣ 1.85፣ 2.15 ወይም 2.50 የሚል ቁጥር ይነበባል። ይህ በኢንች የተሰጠ ስፋት ሲሆን በሚሊሜትር እንደ ቅደም ተከተሉ 41፣ 47፣ 55 እና 64 ያህል ነው። ባለ 1.60 ቸርኬ ከ3.00 ጎማ በላይ አይጫንበት። ባለ 1.85 ቸርኬ 3.00 እና 3.25 በሚገባ ይይዛል፣ 3.50ን ግን የሚቀበለው በመጨረሻው ወሰኑ ነው። ባለ 2.15 ለ3.50 የተመቸ ነው፤ 4.00 ወይም 110/90 ጎማ በደንብ የሚቀመጠው ደግሞ በ2.50 ላይ ነው።

የጎማው ቁጥር ሲነበብ 3.00-18 ማለት ስፋቱ 3 ኢንች ያህል፣ የቸርኬው ዲያሜትር ደግሞ 18 ኢንች ማለት ነው። 110/90-18 በሚለው አጻጻፍ 110 በሚሊሜትር የተሰጠ ስፋት ሲሆን፣ 90 የጎማው ቁመት የስፋቱ 90 በመቶ፣ ማለትም 99 ሚሊሜትር መሆኑን ያሳያል። ባለ 17 ቸርኬ ላይ ባለ 18 ጎማ በምንም ዘዴ አይገጠምም።

ወሰኑን ማለፍ የሚጎዳበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገጠም ሁለቱ ጠርዞቹ እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ጀርባው እንደ ጎጆ ጣሪያ ይሾላል፤ መሬት የሚነካው መሐሉ ብቻ ይሆንና ገዥው ገንዘብ የከፈለበት ስፋት ሳይሠራ ይቀራል። መሐሉ ቶሎ ያልቃል፣ ጎኖቹ ደግሞ በቂ ድጋፍ ስለሌላቸው ሞተሩ ኩርባ ላይ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። የዓባይን በረሃ ኩርባዎች ሰው አፈናጥጦ በሚወርድ አሽከርካሪ ላይ ይህ ሲደርስ አደጋው ቀላል አይደለም። የእኔ ምክር ከፋብሪካው ልክ ከአንድ ደረጃ በላይ አይለፉ የሚል ነው።

የዋልካ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባል። ዋልካ እንደ ሊጥ እየተጣበቀ የሚጠራቀም አፈር ስለሆነ፣ በጎማውና በፓራፋንጎው (በጭቃ መከላከያው) መካከል ያለው ክፍተት ከጠበበ ጭቃው ይታመቅና ጎማው መዞር እስኪያቅተው ድረስ ይይዘዋል። በእንዲህ ያለ መሬት ጥርሱ ጠለቅ ያለ ጠባብ ጎማ፣ ጥርሱ ካነሰ ሰፊ ጎማ ይልቅ ይሻላል። መንገድዎ ጠጠርና ኮረት ከሆነ ግን ስፋቱ ይጠቅምዎታል።

ቀጥሎ የሚታየው ክፍተቱ ነው። ከ3.00 ወደ 3.50 ሲሻገሩ ጎማው በስፋት 13 ሚሊሜትር ያህል፣ ከመሐል ወደ ላይ ደግሞ 11 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። አሁን ባለው ጎማ ግራና ቀኝ ያለውን ክፍተት ለክተው ከእያንዳንዱ ጎን 7 ሚሊሜትር ይቀንሱ፤ የሚተርፈው ከ8 ሚሊሜትር ካነሰ ሐሳቡን ይተዉት፤ በዋልካ አገር ደግሞ ከ12 በታች አይቀበሉ። ሲለኩ ጎማውን ሹካው ላይ ወደፊት እስከሚሄድበት ድረስ ይግፉት፤ ሰንሰለት አርጅቶ ሲላላ ጎማው ወደ ኋላ ስለሚሳብ ቦታ ያለ ይመስላል፣ አዲስ ሰንሰለት የገባ ዕለት ግን ጎማው ወደ ሹካው ጠባብ ጫፍ ይመለሳል። ሰንሰለቱን፣ የሰንሰለቱን መሸፈኛና የፍሬኑን ዘንግም ይመልከቱ።

ከጎማው በላይ ያለው ክፍተት ሞተሩ ባዶውን ቆሞ አይለካም። ከዓመታት በፊት በራሴ ሞተር ላይ 3.50 ጎማ ገጥሜ ቆሞ ሳየው ሁሉም ነገር የተስተካከለ መሰለኝ። ከኋላዬ ሰው ጭኜ ከደምበጫ ፍኖተ ሰላም ስደርስ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፤ ጎንበስ ብዬ ስመለከት የፓራፋንጎው ቡሎን ጫፍ በጎማው መሐል ዙሪያውን የጣት ጥፍር ያህል የጠለቀ መስመር አርሶበታል፤ የጎማው ጥቁር ዱቄትም ፓራፋንጎው ሥር ተከምሯል። ስለዚህ ሁለት ሰው አስቀምጠው ወደ ታች እያስጫኑ ይለኩ፤ የቡሎኖቹንም ራስ ወደ ውስጥ፣ ዳዶውን ወደ ውጭ አድርገው ይግጠሙ።

ሲገጥሙ አየር የሚነፋበት የውስጡ ካላማዳሪ ልኩ ከአዲሱ ጎማ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የድሮው ጠባብ ካላማዳሪ ተለጥጦ ስለሚሳሳ በቀላሉ ይቀደዳል። የቸርኬውን ሽቦዎች ጫፍ የሚሸፍነውን የጎማ ጥብጣብም ይለውጡ። በጎማው ጎን ያለው ቀስት ወደ ፊት በሚሽከረከርበት አቅጣጫ ይሁን። ጠርዙን በሳሙና ውሃ አርጥበው፣ ካላማዳሪውን ቅርጽ እስኪይዝ ጥቂት ነፍተው፣ ከቫልቩ ተቃራኒ ካለው በኩል ይጀምሩና ቫልቩ ጋ ይጨርሱ። ሥራው ሲከብድ ብረቱን በኃይል ከመጫን ይልቅ በተቃራኒው በኩል ያለው ጠርዝ ወደ ቸርኬው መሐል ጎድጓዳ መግባቱን በጉልበትዎ ተጭነው ያረጋግጡ፤ ያን ጊዜ የቀረው በቀላሉ ይገባል። ከተነፋ በኋላ በጎማው ጎን ዙሪያውን የሚሄደው ቀጭን መስመር ከቸርኬው በየቦታው እኩል መራቅ አለበት፤ አንድ ቦታ ከሰመጠ አየሩን አውጥተው እንደገና ይንፉ።

ጎማው ሲያድግ ሞተሩ በዚያው መጠን ይከብደዋል። ከ3.00-18 ወደ 3.50-18 የዲያሜትሩ ጭማሪ ከ3 እስከ 4 በመቶ ነው፤ በሜዳ አይሰማም፣ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጡ ግን ባለ 100 ሲሲ ሞተር ማርሽ እንዲቀንሱ ያስገድድዎታል። በኋላ በኩል ሰንሰለቱ የሚያዞረውን ባለ 42 ጥርስ ብረት በባለ 43 ወይም በባለ 44 መለወጥ ያስተካክለዋል።

በመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች ኩርባ ላይ አያጋድሉ፤ አዲስ ጎማ ገጹ እስኪሻክር ያንሸራትታል። ከዚያ በኋላ የፔርኖውን (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ) ዳዶ ደግመው ያጥብቁ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በመፍቻ መታ መታ አድርገው የላላውን በድምፁ ይለዩ፣ የሹካውንም የውስጥ ግድግዳ በባትሪ እያበሩ ይመልከቱ፤ ቀለሙ ተልጦ የሚያብረቀርቅ ብረት ከታየ ጎማው እየነካ ነውና የድሮውን ልክ ይመልሱ።