በአሮጌ አስፋልት ላይ የብረት ፋይበር ኮንክሪት ስትደርቡ

ከጅቡቲ የሚመጡ ተሳቢዎች ፍሬን የሚይዙበት አንድ የሚዛን ጣቢያ መግቢያ ላይ አስፋልቱ የጎማ ቦይ አውጥቶ ውሃ ይቋጥር ነበር። 10 ሳንቲ ሜትር የፋይበር ኮንክሪት (አጫጭር ቀጫጭን የብረት ክሮች የተቀላቀሉበት ኮንክሪት) መደረብን የተማርኩት እዚያ ነው፤ አበላሽቼ።

አስፋልቱ ከተፋቀ በኋላ ከሥር ቢያንስ 7.5 ሳንቲ ሜትር ጤነኛ ንጣፍ ይቅር። ኮንክሪቱ ከሱ ጋር ካልተጣበቀ ስስ ድርብ ዕድሜ የለውም። አቧራውን በኮምፕሬሰር ንፉ። እኔ መዳፌን ወለሉ ላይ አሻሸዋለሁ፤ አቧራ ከያዘ እንደገና ይነፋል። ከዚያ ውሃ ርጩ፤ ግን ኩሬ እንዳይኖር።

ዲዛይናችን በሜትር ኪዩብ 30 ኪሎ ፋይበር ይላል። ለ6 ሜትር ኪዩብ መኪና 180 ኪሎ፣ ባለ 20 ኪሎው ዘጠኝ ከረጢት መሆኑ ነው። እኔ ለመፍጠን ብዬ በባዶው ሚክሰር ቀድሜ ጨመርኩት። ሲፈስ ጃርት የመሰለ እሾሃም ድቡልቡል ይወጣ ጀመር፤ ልጆቹ በአካፋ ሲለቅሙ ዋሉ። ፋይበር የሚገባው ኮንክሪቱ በደንብ ከተቦካ በኋላ፣ ሚክሰሩ በፍጥነት እየዞረ፣ በደቂቃ ከሁለት ከረጢት ሳይበልጥ እየተበተነ ነው። ከዚያ 5 ደቂቃ ይዙር። ስላምፑ (የኮንክሪቱ ልስላሴ) ይወርዳል፤ ሹፌሩ ውሃ እንዳይጨምር ከጎኑ ቁሙ። የምትመልሱት በሱፐርፕላስቲሳይዘር፣ ውሃ ሳይጨመር ኮንክሪቱን በሚያለሰልሰው ኬሚካል ነው።

ፊቱን በመጥረጊያ አንድ አቅጣጫ ብቻ፣ እጀታውን ዝቅ አድርጋችሁ ጎትቱ። ወዲያና ወዲህ ካላችሁት ፋይበሩ ፀጉሩን ያቆማል።

ጆይንት ላይ (ስንጥቁ በዘፈቀደ እንዳይሄድ በመጋዝ የሚቆረጠው ቀጭን ክፍተት) አልደራደርም። «ፋይበር እያለ ምን መቁረጥ ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ፋይበር ስንጥቁን አያስቀርም፤ ከተሰነጠቀ በኋላ አፉን ይይዘዋል እንጂ። ባለ 3.6 ሜትሩን መስመር በ1.8 ሜትር ከፋፍሉት። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 በኤምኤንሮድ የሙከራ መንገድ ላይ በ1.2 ሜትር የተቆረጠው ድርብ፣ ጆይንቱ የጎማ መሄጃ ላይ ወድቆ ማዕዘኖቹ ተሰነጣጥቀዋል። የጆይንቱ ጥልቀት የኮንክሪቱ ውፍረት ሲሶ ይሁን። ጠዋት 3 ሰዓት የሞላነውን ማታ 1 ሰዓት ላይ ቆረጥን። መጋዙ ፋይበር እየነቀለ ጠርዙን ካላፈረሰ ሰዓቱ ደርሷል፤ ነገ ማለት ግን ስንጥቁን መጋበዝ ነው።

በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ 7 ቀን አጠጡ። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ የጣቢያው ኃላፊ ደውሎ «ኮንክሪቱ ዝጓል!» አለኝ። ላይ ላይ የቀሩት ጥቂት ፋይበሮች ናቸው፤ ለጥንካሬው ምንም አይደለም። ቀና ያለውን ብቻ በፒንሳ ቁረጡት።