ከምሳ በኋላ የሚፈዝ ቡድን ሲገጥማችሁ

ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን ወይም ኮዬ ፈጬ ሼድ ውስጥ ልብስ የምታሰፉ ሰዎች ይህችን ሰዓት ታውቋታላችሁ። ከቀኑ 8፡30። ቆርቆሮው ግሏል፣ ማሽኑ በርቷል፣ ሰዉም ወንበሩ ላይ አለ፣ ልቡ ግን እዚያ የለም። አንዷ ቲክቶክ ታያለች፣ ሌላው መቀስ ፍለጋ ተነስቶ በዚያው ቀርቷል፣ የቀሩት ወሬ ይዘዋል።

ብዙ ኃላፊ እዚህ ላይ ሰብስቦ ይቆጣል። አትሰብስቡ። የደከመ ሰው ቁጭ ብሎ ወቀሳ ሲሰማ ይብስበታል፣ ሰዓቱም የሚባክነው ከሥራው ላይ ነው።

ይልቅ ማሽኑን አጥፉና ሁሉም ለ10 ደቂቃ ውጭ ይውጣ። ውሃ ይጠጣ፣ ፊቱን ይታጠብ፣ ብርሃን ያግኘው። እዚያው እንደቆማችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «አሁን ሥራው ላይ ምን ያዛችሁ?» መልሱ ከታናሽ ይጀምር። ጋሼ ቀድመው ከተናገሩ ሌላው «እሳቸው እንዳሉት ነው» ብሎ ያልፋል፣ እናንተም ምንም ሳታውቁ ትመለሳላችሁ። ከታናሽ ስትጀምሩ ግን ነገሩ ይወጣል፦ ክር አልቋል፣ ኦቨርሎኩ (የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመው ማሽን) ጨርቅ እየበላ ነው፣ የትኛው ሳይዝ ቀድሞ እንደሚወጣ ማንም አልነገረንም። ስንፍና የመሰላችሁ ነገር ብዙ ጊዜ መጠበቅ ነው። ከተነገሯችሁ ውስጥ አንዱን እዚያው፣ እያዩ፣ ፍቱላቸው።

ቀጥሎ ሥራውን ቆራርጡት። ማክስ ሪንገልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎች ገመድ ሲጎትቱ ጉልበታቸውን ለክቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1913 አሳትሞ ነበር፤ ጎታቹ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ ሰው የሚያወጣው ጉልበት እያነሰ ሄደ። ከፊሉ እጅ አለመቀናጀቱ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ፣ በእኛ አነጋገር፣ ልግመት ነው፤ ሌላው ይጎትተው የለ! «ዛሬ 200 ዩኒፎርም ማለቅ አለበት» ማለት ለሁሉም ነገራችሁ፣ ለማንም አልነገራችሁም ማለት ነው። «እናንተ ሁለታችሁ፣ እስከ 9፡30፣ 20 ኮሌታ» ሲባል ግን ባለቤት አለው። ካይዘን የሚባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ በመጣ ሰሞን ተሰቅላ አቧራ የጠጣች ነጭ ሰሌዳ ካለቻችሁ አሁን ጥረጓትና የማን ሥራ የት እንደደረሰ ጻፉባት።

ሥልጠና ላይ ሰውን እያስጨበጨቡ የሚያዘልሉትን ጨዋታ እኔ አልወደውም። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ትልልቆቹ ያፍራሉ። ዘፈን ይሻላል። ደቦ ላይ የሚዘፈነው ለጌጥ አይደለም፣ የአጫጆቹን እጅ አንድ ላይ ያስኬዳል። ቡድኑ ተራ በተራ ይምረጥ፣ ድምፁ ግን ማሽን እስኪሸፍን አይሁን።

ቡናን በተመለከተ፦ ጉልበቱ እስኪሰማ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ስለዚህ ሰዉ ከፈዘዘ በኋላ ሳይሆን 8 ሰዓት ላይ ይቅረብ። አቦል ብቻ። ቶናና በረካ ለቅዳሜ ይቆዩ።

ስልክ አትሰብስቡ። አንዷ ልጅ ትምህርት ቤት አላት፣ ሌላው እናቱ ታመውበታል። ዳታ ለአንድ ሰዓት ይጥፋ፣ ጥሪ ክፍት ይሁን በቃ።

ነገ ተመሳሳይ ነገር እንዳይደገም ደግሞ የቀኑን አሠላለፍ ቀይሩት። ከምሳ በኋላ መፍዘዝ የሰውነት ሰዓት ጣጣ ነው፣ ምሳ ያልበላውንም ይይዘዋል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ለመቆም ጎህ ሳይቀድ የተነሳ ሰውና ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። የጨርቅ ቆረጣ ጠዋት ይለቅ፣ የተሳሳተ መቀስ ወደኋላ አይመለስምና። ቁልፍ መትከል፣ ክር መልቀም፣ ማጠፍና ማሸግ ከሰዓት ይሁን። መብራት ሲጠፋም ይኸው የእጅ ሥራ አንድ ካርቶን ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ሰዉ ከማሽኑ ከመነሳቱ በፊት የት እንዳቆመ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርግ፣ መብራቱ ሲመጣ «የቱ ጋ ነበርኩ?» እያለ አይንከራተትም።

አንድ ሰው ብቻ በየቀኑ የሚፈዝ ከሆነ ለብቻው ጥሩትና ጠይቁት፤ በሰው ፊት አይሁን። ሁሉም የሚፈዝ ከሆነና ደሞዝ ከዘገየ ደግሞ፣ ዘፈኑንም ሰሌዳውንም ተዉትና መጀመሪያ የምትከፍሉበትን ቀን ቁርጡን ንገሯቸው።