የኤምኤስ መድኃኒት ሲያስቸግር፦ ዳይሜትል ፉማሬት ለሚወስዱ

መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤምኤስ) የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ነርቮችን የሚያጠቃ በሽታ ነው፤ በአፍ ከሚወሰዱት መድኃኒቶቹ አንዱ ዳይሜትል ፉማሬት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ቴክፊደራ በሚለው የንግድ ስሙ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በሽታውን ከሥሩ አይነቅለውም፣ ግን እየደጋገመ እንዳያገረሽ ይከላከላል።

የመጀመሪያው ወር ከባድ ነው። ብዙዎች ተማርረው የሚተዉትም ያኔ ነው። የሚያሳዝነው፣ በዚያ ወር የሚያስደነግጡት ነገሮች አብዛኞቹ የማይጎዱና መላ ያላቸው መሆናቸው ነው። በጣም መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ችግር ግን ምንም ስሜት የለውም፤ የሚታየው በደም ምርመራ ብቻ ነው።

ፊቴ፣ አንገቴና ደረቴ እሳት ይሆናል፤ ያሳክከኛልም

መድኃኒቱ ቆዳ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ነው። ብዙ ጊዜ ከዋጡት በኋላ ሳይቆይ ይመጣና በራሱ ይበርዳል። መመሪያዎች ላይ «ፊት ይቀላል» ተብሎ ይጻፋል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ሙቀቱና ማሳከኩ ብቻ ይሰማል። ስለዚህ መስታወት አይተው «ምንም የለም» አይበሉ፣ ለሐኪምዎ የሚሰማዎትን ይንገሩ።

ቀላሉ መፍትሄ ከምግብ ጋር መውሰድ ነው። ካልበቃ፣ ሐኪሙ ከመድኃኒቱ 30 ደቂቃ በፊት አስፕሪን እንዲወስዱ ሊፈቅድ ይችላል። ሳይጠይቁ ግን አይጀምሩት፣ በተለይ ጨጓራ ካለብዎት ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ።

ከንፈር፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ አለርጂ ነው። ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ መድኃኒቱንም አይድገሙ።

ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ያስቀምጠኛል

መጀመሪያ መጠኑን ያረጋግጡ። የተለመደው አጀማመር ለ7 ቀን 120 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ከዚያ 240 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ነው። ሁለቱ ካፕሱሎች ስለሚመሳሰሉ በስህተት ከከፍተኛው የሚጀምር አለ። ብልቃጡ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ።

ቀጥሎ፣ ከምን ጋር ነው የሚወስዱት? በቡናና በአንድ ቁራሽ ዳቦ ከሆነ ሆድዎ ቢያምጽ አይገርምም። ቅባትና ፕሮቲን ያለው ምግብ ይሻላል፦ እንቁላል፣ እርጎ፣ አይብ። በጾም ደግሞ አቮካዶ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ዘይት ያልጎደለው ሽሮ።

ጾም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኛ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን መድኃኒት በባዶ ሆድ ይውጣል፣ ወይም ጭራሽ ይዘለዋል። ሁለቱም አያዋጡም። ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚቀልለት የታወቀ ነው። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፣ ሐኪምዎ ዘንድም ሰዓቱን ያስተካክሉ። ረመዳን የሚጾሙም በኢፍጣርና በሱሁር መውሰድ ይችሉ እንደሆነ ወሩ ሳይገባ ይጠይቁ። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነም መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይጠመቁ።

አረቄ፣ ውስኪና ቮድካ ሆዱን ያባብሱታል። መድኃኒቱን በወሰዱበት አንድ ሰዓት ውስጥ ጠንካራ መጠጥ ባይቀምሱ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልተሻለ፣ ሐኪሙ መጠኑን ለጥቂት ጊዜ ወደ 120 መልሶ በ4 ሳምንት ውስጥ እንደገና ሊያሳድገው ይችላል። ውሳኔው የሐኪሙ ይሁን። ሰገራው ከጠቆረ ወይም ደም ካለው፣ ወይም ሆድን የሚወጋ ኃይለኛ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ካፕሱሉ አልዋጥ አለኝ፤ ከፍቼ ከማር ጋር ብወስደውስ?

አይሆንም። ውስጡ ያለው መድኃኒት ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ ተሸፍኖ ነው የተሠራው። ካኘኩት ወይም ከፈጩት ያ ሽፋን ይጠፋና ሆድ ይቆጣል። በደንብ ውሃ ጠጥተው ጉሮሮዎን ያርጥቡ፣ ከዚያ ሙሉውን ይዋጡ። እምቢ ካለ ሌላ አማራጭ እንዲፈለግልዎ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ረሳሁት

ሁለት ባንድ ላይ አይውሰዱ። ቀጣዩ ሰዓት ከደረሰ ያለፈውን ይተዉት። ለብዙ ቀን ካቋረጡ ግን በሙሉ መጠን ከመመለስዎ በፊት ይደውሉ። አገር ቤት የሚሄዱ ከሆነ ለጉዞው የሚበቃውን ከነብልቃጡ በእጅ ሻንጣ ይያዙ።

ምንም አይሰማኝም፣ ደም ለምን እመረመራለሁ?

በጣም አጥብቄ የምናገረው ስለዚህ ነው። መድኃኒቱ ሊምፎሳይት የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይቀንሳል። በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳሉ። አብዛኛው ሰው ላይ ችግር አያመጣም። ጥቂቶች ላይ ግን በጣም ወርዶ እዚያው ይቀራል፤ ሰውየው ግን ይበላል፣ ይሠራል፣ ደህና ነው። ያኔ ፒኤምኤል የሚባል ብርቅ ግን ከባድ የአንጎል ኢንፌክሽን ሊመጣ ይችላል። አልማዝ ባለጭራም ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት የደምና የጉበት ምርመራ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ የደሙ ምርመራ በ6ኛው ወር፣ ቀጥሎም በየ6 እስከ 12 ወሩ ይደረጋል። አውሮፓ ውስጥ በየ3 ወሩ ነው። ውጤቱ ሲመጣ «ደህና ነው» በሚል ቃል ብቻ አይመለሱ። ወረቀቱ ላይ «አብሶሉት ሊምፎሳይት» የሚለውን መስመር ይፈልጉ። አንዳንድ ላቦራቶሪ 500 ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው 0.5፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ቁጥርዎ ከ500 (ወይም ከ0.5) በታች ሆኖ ከ6 ወር በላይ ከቆየ፣ መድኃኒቱ ይቋረጥ ወይ የሚለውን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር የግድ ነው። የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆርና ከቀኝ ጎድን በታች ሕመም ደግሞ የጉበት ምልክት ናቸው፤ በዚያው ቀን ይደውሉ።

ፒኤምኤል ግርሻ ይመስላል፤ የሚያሳስተውም ይህ ነው። በቀናትና በሳምንታት እየባሰ የሚሄድ የአንድ ጎን ድካም፣ የእይታ መለወጥ፣ የንግግር መጎተት፣ ግራ መጋባት ወይም የጠባይ መቀየር ይታያል። የጠባዩን ለውጥ ቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ ከታማሚው ይልቅ አብሮ የሚኖር ሰው ነው። ይህን ክፍል ለባለቤትዎ ወይም ለልጅዎ ያስነብቡ። የሐኪሙንም ስልክ ይስጧቸው።