ፀጉርን በሂና ሲያቀልሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት የሚሠራው ገና ዱቄቱ ሲገዛ ነው። ንጹህ ሂና የሚሰጠው ከብርቱካንማ እስከ ቀይ ቡናማ ያለውን ቀለም ብቻ ነው። «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል የተጨመረበት ነው። ይህ ኬሚካል ቆዳን ሊያሳክክ፣ ሊያሳብጥ፣ ውሃ ሊያስቋጥርም ይችላል። ሰውነት አንዴ ከተቆጣው ደግሞ ከዚያ በኋላ በሱቅ የፀጉር ቀለሞችም ሊቆጣ ይችላል። የብረት ጨው የተቀላቀለበት ዱቄትም አለ፤ እላዩ ላይ ብሊች (ፀጉር ማንጫ) ቢደረግ ፀጉሩን ግሎ ሊያቃጥለው ይችላል። ማሸጊያው ላይ ስለ ይዘቱ ምንም ያልተጻፈበትን ዱቄት ርካሽ ቢሆንም ይተዉት።

ሁለተኛው የፈላ ውሃ ነው። ቀለም የሚሰጠው ላውሶን ከቅጠሉ የሚወጣው ቀስ እያለ ነው፤ የፈላ ውሃ ደግሞ ያደክመዋል። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሎሚ ለውሰው፣ ከድነው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያቆዩት። ከላይ ሲጠቁር ደርሷል ማለት ነው። ሎሚ ማብዛት ፀጉር ያደርቃል።

እንቁላል፣ እርጎና ዘይት መጨመር የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልመክርም። ላውሶን የሚጣበቀው ኬራቲን ከሚባለው የፀጉር ፕሮቲን ጋር ነው፣ ቅባት በመሃል ከገባ ቀለሙ ይሳሳል። መንከባከቢያውን ለሌላ ቀን ያድርጉት። በዚሁ ምክንያት ቅባት ያለውን ፀጉር በሻምፖ ሳይታጠቡ፣ ወይም ኮንዲሽነር ተጠቅመው ሂና አይቀቡ።

ዱቄት መቆጠብም ያስቆጫል። ለአጭር ፀጉር 100 ግራም ይበቃል፣ ለረጅም 300 ግራምም ሊፈልግ ይችላል።

ብዙዎች የሚደነግጡት ከታጠቡ በኋላ ነው። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ የታጠበ ሽበት መጀመሪያ ቦግ ያለ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ከአየር ጋር እየተገናኘ በ2 ወይም በ3 ቀን ይጠቁራል። በዚያው ምሽት ደንግጦ የሱቅ ቀለም መደረብ ትልቅ ስህተት ነው። ጥቁር ፀጉርን ያቀላል ብሎ መጠበቅም ከንቱ ነው፤ ሂና ቀለም ይጨምራል እንጂ አያነጣም። ሽበትን ማጥቆር ከፈለጉ ሂናው ከታጠበ በኋላ ኢንዲጎ የሚባል ከቅጠል የሚሠራ ሰማያዊ ማቅለሚያ ይቀባል፤ እሱ ግን እንደ ሂና ተለውሶ አያድርም፣ ወዲያው ነው የሚቀባው።

«ተፈጥሯዊ ነው» ብለው ሳይሞክሩ አይቀቡ። ክንድ ላይ ጥቂት አድርገው 48 ሰዓት ይጠብቁ፤ ከማበጠሪያ ላይ በተረፈ ፀጉርም ቀለሙን ያዩበታል። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም እጥረት ያለበት ሰው ከነጭራሹ ይራቅ፣ ቀይ የደም ሴሎቹን ሊያፈርስበት ይችላል። ሕፃናትንም አይቀቡ።

የመጨረሻው፣ በየጊዜው ከሥር እስከ ጫፍ መቀባት ነው። ሂና በእጥበት ስለማይለቅ ጫፉ እየተደራረበ ይጠቁራል። በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ የበቀለውን ሥር ብቻ ይቀቡ።