ቆርቆሮ ከማዘዛችሁ በፊት መንገዱን ለኩ፦ የጣሪያ ቅያሪ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የጣሪያ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና መሬት ላይ እያለ ነው። አናጢው ተገኝቷል፣ ቆርቆሮው ተከፍሎበታል፣ ግን መኪናው ቅያሱ ላይ ቆሟል፣ መሰላል የሚቆምበት ቦታ የለም፣ ጎረቤት ተቆጥቷል። የሠራተኛው የቀን ሂሳብ ደግሞ ይቆጠራል። ይህን የጻፍኩት አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ከቤት በተጠጋበት አሮጌ ሰፈር ጣሪያ ለሚቀይር ሰው ነው።

መኪናው ሰፈር ደርሶ ግቢ አልገባም

ምክንያቱ፦ የተለካው ጣሪያው ብቻ ነው። ኢጋ ቆርቆሮ በልክ ተቆርጦ ስለሚመጣ 6 ሜትር ካዘዛችሁ 6 ሜትር ሆኖ ይመጣል፣ ቀጥ ባለ መንገድ ችግር የለበትም፣ ቅያስ ላይ ሲደርስ ግን አጥር ይነካል፣ ወደ ኋላ መመለስም አይቻልም።

መፍትሄው፦ ከማዘዛችሁ በፊት ቆርቆሮው የሚኖረውን ርዝመት ያህል አጠና ፈልጉ። ሁለት ሰው ይዞት ከዋናው መንገድ እስከ ግቢው ይሂድ። መታጠፊያው ላይ ካለፈ ቆርቆሮውም ያልፋል። ካላለፈ ለሁለት አስቆርጡት፤ መደራረቢያው ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር ይሁን፣ ጣሪያው ብዙም ተዳፋት ከሌለው ደግሞ ከዚያም ይብለጥ፣ መጋጠሚያውም ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት) ላይ እንዲያርፍ ለአናጢው ቀድማችሁ ንገሩት። ከመኪናው እስከ ግቢው ሲሸከሙት በጎኑ አቁመው ይያዙት። ጋደም አድርገው ከያዙት መሃሉ ይታጠፋል፣ የታጠፈ ቆርቆሮ ደግሞ እዚያው ላይ ውሃ ይቋጥራል። ጓንት ይኑራቸው፣ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል።

ማውረዱ ላይ ጭቅጭቅ ተነሳ

ምክንያቱ፦ ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ዋጋ የተነጋገራችሁት ዕቃው ከመጣ በኋላ ነው። ሹፌሩ እየቸኮለ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ጎረቤት ክላክስ እያደረገ ምን ዓይነት ድርድር ይደረጋል? ከአንድ ቀን በፊት ሄዳችሁ አናግሯቸው። ከመኪና ማውረድ አንድ ሥራ ነው፣ ግቢ አስገብቶ መደርደር ሌላ ሥራ ነው፤ ዋጋው የትኛውን እንደሚጨምር ለይታችሁ ተስማሙ። ሹፌሩንም የጭነት መኪና በስንት ሰዓት እንደሚፈቀድለት ጠይቁት።

አዲሱ ቆርቆሮ ሳይመታ ነጭ ዱቄት አወጣ

ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፣ ሻጩም ይወቀሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የአቀማመጥ ነው። ተደራርቦ የተቀመጠ ቆርቆሮ መሃል ውሃ ከገባ አየር ስለማያገኝ ብረቱ የተለበጠበትን ዚንክ ይበላዋል። ላስቲክ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ደግሞ ጤዛውን ውስጥ ያፍነዋል፣ ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። ከመሬት አንሱትና ሞራሌ ላይ አስቀምጡት፣ አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጉት፣ ሸራ ስታለብሱት ጎንና ጎኑን ክፍት ተዉለት። ከተነከረ አንድ በአንድ ነጥላችሁ አድርቁት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቆርቆሮው ሊመታ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ማስመጣት ነው።

አንዱ ጎን መሰላል አይቆምበትም

የቤቱ ግድግዳ የጎረቤት ወሰን ላይ ሲያርፍ የመወጣጫው አጠና የግድ እነሱ ግቢ መተከል አለበት። ሠራተኛ አትላኩ፣ ራሳችሁ ሂዱ። ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ምን እንደሚወድቅ፣ ማን እንደሚያጸዳ ንገሯቸው። ልብስ የሚሰጣበትን፣ ሕፃናት የሚጫወቱበትን ቦታ በሸራ ሸፍኑ። ማታ ማታ ማግኔት ይዛችሁ የወደቀውን ሚስማር ልቀሙ፣ የእነሱን ግቢ ከእናንተ አስቀድማችሁ። መሰላሉ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ከተደገፈ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል ይራቅ፣ ጫፉም ከጣሪያው ጠርዝ በላይ 1 ሜትር ይውጣ።

የመብራት ሽቦ ጣሪያው ላይ ያልፋል

እዚህ ላይ ድርድር የለም። ቤት ውስጥ ቆጣሪው ጋር ያለውን ማብሪያ ማጥፋት ከምሰሶው የሚመጣውን ሽቦ አያጠፋውም። ረጅም ቆርቆሮ የያዘ ሰው ያንን ሽቦ ከነካ ሊሞት ይችላል። ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቀድማችሁ አመልክቱና መስመሩን ያቋርጡላችሁ። እስኪመጡ ሥራው ይቆይ።

ጣሪያው ተከፍቶ ዝናብ መጣ

ምክንያቱ፦ አሮጌው በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ተነቅሏል። መፍትሄው ግማሹን ነቅሎ፣ ያንኑ አልብሶ፣ ከዚያ ወደ ሌላው መሄድ ነው። አናጢዎች ሥራ ያጓትታል ብለው አይወዱትም፣ እናንተ ግን አትልቀቁ። ሸራው ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግቢ ውስጥ ይኑር። መምረጥ ከቻላችሁ ከጥቅምት እስከ ጥር አድርጉት። ክረምት ላይ ግድ ከሆነ ጠዋት ክፈቱ፣ ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት ስለሆነ እስከ ምሳ የከፈታችሁትን ዝጉ።

ደንብ አስከባሪ ሥራውን አስቆመ

የእድሳት ፈቃድ አልወጣም። ቆርቆሮ ከመግዛታችሁ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ ጠይቁ። የቀበሌ ቤት ከሆነማ ያለ ፈቃድ ጭራሽ አትጀምሩ።

አሮጌው ቆርቆሮ ግቢውን ሞላው

መንቀል ሲጀመር አዲሱ የሚያልፍበት መንገድ የሚዘጋው በዚህ ነው። ደህና ደህናውን ለአጥር ለዩ፣ የቀረውን ለቁራሌው ዕለቱኑ ስጡ።