የበቀለ የገብስ ፍሬን ለማስ ስፔክትሮሜትሪ ምስል እንዴት እናዘጋጃለን?

ማልዲ በተባለው ዘዴ (ናሙናው በሌዘር ተመትቶ የሚነሱት ሞለኪውሎች በክብደታቸው በሚለዩበት) የሚነሳ የማስ ስፔክትሮሜትሪ ምስል በፍሬው ውስጥ ምን ዓይነት ስኳርና ቅባት እንዳለ ብቻ ሳይሆን የት እንዳለም ያሳያል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያሳስበን ውሃ ነው፤ ውሃ ከተንቀሳቀሰ ስኳሩን ይዞት ይሄዳል።

እንደ ብቅል ተነክሮ ሁለት ሦስት ቀን የበቀለውን ፍሬ ላዩን አድርቀን፣ በውሃ በሟሟ 10 በመቶ ጄላቲን ውስጥ እናስቀምጠዋለን። በሕክምና ላቦራቶሪዎች ናሙና ለማስቀመጥ የተለመደውን ኦሲቲ የተባለ ዝልግልግ ፈሳሽ አልመክርም፤ በውስጡ ያለው ፖሊመር የናሙናውን ምልክት ይውጠዋል። ጄላቲኑን በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ መንከር ስለሚሰነጥቀው፣ ከፈሳሹ በላይ በእንፋሎቱ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ።

ክራዮስታት በተባለው ቀዝቃዛ መቁረጫ ከመቁረጣችን በፊት ናሙናው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። የገብሱ ስታርች ዱቄታማ ስለሆነ በ20 ማይክሮሜትር ውፍረት ሲቆረጥ ይፈረፈራል፤ ቢላው ከማለፉ በፊት ገጹ ላይ ቴፕ ብንለጥፍ ግን ቁራጩ ሳይበተን ከቴፑ ጋር ይነሳል። ቴፑን ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ የመስታወት ስላይዱ ላይ እናሳርፋለን። ስላይዱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው በአንድ ገጹ ብቻ ስለሆነ የትኛው ገጽ እንደሆነ አስቀድሞ በመልቲሜትር ይለካ።

ከሁሉ የሚከብደው ማድረቁ ነው። አንድ ጊዜ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ከነበረ ማቀዝቀዣ የስላይዶቹን ሳጥን አውጥቼ ወዲያው ጠረጴዛ ላይ ከፈትሁት። መስታወቱ ላይ በብርድ ጠዋት መስኮት ላይ እንደሚታየው ያለ ስስ ጤዛ ያዘ፤ ከአፍታ በኋላ ጠፋና ምንም ያልሆነ መሰለኝ። ምስሉ ሲወጣ ግን ሱክሮስና ማልቶስ በክብደት ሳይለዩ ከፖታሲየም ጋር ተጣምረው የሚታዩበት፣ በመሣሪያው የክብደት መለኪያ 381 ላይ የሚወጣው ምልክት፣ በሽሉ አካባቢ ጎልቶ መታየት ሲገባው ከፍሬው ጠርዝ አልፎ ጄላቲኑ ላይ ፈስሶ አገኘሁት። የብዙ ቀን ሥራ በዚያች ጤዛ ጠፋ። ስለዚህ ስላይዱ ከክራዮስታት እንደወጣ፣ ሳይሞቅ፣ በቀጥታ ቫኪዩም ዴሲኬተር (አየሩ ተስቦ የሚያደርቅ ዕቃ) ውስጥ ገብቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይድረቅ። የሚቀመጥ ከሆነ ከሲሊካ ጄል ጋር አየር በማያስገባ ዕቃ ይታሸግ፤ ሲወጣም ዕቃው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ፈጽሞ አይከፈት።

ማትሪክስ (የሌዘሩን ጉልበት ተቀብሎ ሞለኪውሎቹን የሚያስነሳ ኬሚካል) ከመቀባታችን በፊት የስላይዱን ማዕዘኖች በነጭ ማረሚያ ቀለም ምልክት አድርገን በስካነር እናነሳለን፤ ኋላ ምስሉን ከፍሬው ጋር የምናስተካክለው በዚህ ነው። ለስኳር የምጠቀምበት ማትሪክስ ዲኤችቢ የተባለው ነው። በእጅ መርጫ ወጥ ሽፋን ማግኘት ስለሚያስቸግር የሚያዋጣው አውቶማቲክ መርጫ ነው፤ እያንዳንዱ ስስ ሽፋን ሳይደርቅ ሌላው አይጨመር። ስላይዱ በእርጥበት ካብለጨለጨ ስኳሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው።

ወደ መሣሪያው ሲገባ ፍሬ የሌለበት የጄላቲን ቦታም አብሮ ይለካ፤ የ381 ምልክት እዚያ ከታየ ናሙናው እንደገና ይቆረጣል።