ፊልም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለመማር፦ በሦስት ደቂቃ ጀምሩ

ፊልም መማር እፈልጋለሁ የሚል ወጣት ሲያገኘኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እስኪ የሠራኸውን አሳየኝ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ "ገና ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እሠራለሁ" ነው። ይሄን መልስ አውቀዋለሁ፣ እኔም ብዬዋለሁ። መጀመሪያ ሳመለክት ሲኒማ እንዴት እንደምወድ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፣ የአንድ ደቂቃ ፊልም ግን አልነበረኝም። አልተቀበሉኝም። አሁን ሳስበው ምን አይተው ይቀበሉኝ?

ስለዚህ ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት አንድ የሦስት ደቂቃ ፊልም ሠርታችሁ ጨርሱ። ክብደቱ "ጨርሱ" የሚለው ላይ ነው፤ ጀምሮ የተወ ሰው ሞልቷል። ትምህርት ቤት መምረጡም፣ ደብዳቤውም፣ ቃለ መጠይቁም ከዚያች ሦስት ደቂቃ በኋላ ይቀላል። በየተራ እንሂድ።

ደረጃ 1፦ የትኛውን ፊልም እንደምትማሩ ለዩ

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊልም በሁለት መንገድ ይሰጣል። አንዱ የፊልም ጥናት ነው። ታሪኩን፣ ንድፈ ሐሳቡንና ሂሱን ታነባላችሁ፣ ትጽፋላችሁ። ከዚያ መምህር፣ ተመራማሪ፣ ሐያሲ ወይም ለፌስቲቫል ፊልም መራጭ መሆን ይቻላል። ሌላው አሠራሩ ነው፦ ድርሰት፣ ዝግጅት፣ ቀረጻ፣ ድምፅ፣ ኤዲቲንግ። ብዙ ቦታ ሁለቱን ይቀላቅሏቸዋል። የኮርስ ዝርዝሩን አውጡና ስንቱ ንባብ ስንቱ ቀረጻ እንደሆነ በጣታችሁ ቁጠሩ። የትምህርት ክፍሉ ስም ውስጥ "ፊልም" የሚል ቃል ስላለ ብቻ ካሜራ ትይዛላችሁ ማለት አይደለም።

አገር ቤት ያላችሁ ምርጫችሁ ጠበብ ይላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጸሐፌ ተውኔቱ በዮፍታሔ ንጉሤ ስም የተሰየመ የቲያትር ትምህርት ቤት አለው፣ ፊልምን ደግሞ በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል። በሌሎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም የቲያትር ክፍሎች አሉ። የጥበብ ክፍሎች ከውጤት ሌላ የተሰጥኦ ፈተና ሊጠይቁ ስለሚችሉ በወሬ አትመኑ፤ ክፍሉ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ቲያትር ተምሮ ፊልም መሥራት ይቻላል ወይ? ይቻላል። የፊልም ዳይሬክተሩ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ሲሄዱ መጀመሪያ የገቡት ቺካጎ ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ነው። ወደ ፊልም የዞሩት በኋላ ሎስ አንጀለስ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲኤልኤ) ነው። ቲያትር ተዋናይን እንዴት እንደምታናግሩና ታሪክን እንዴት እንደምታቆሙ ያስተምራችኋል። ዝምታን ግን ለብቻችሁ መማር አለባችሁ። መድረክ ላይ ሐዘኑ የመጨረሻው ወንበር ድረስ መሰማት አለበት፤ ካሜራ ፊት ግን አንዲት ሴት ቀለበቷን ስታሽከረክር ማሳየት ይበቃል። ብዙ ፊልሞቻችን ወሬ የሚበዛባቸው አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል።

ደረጃ 2፦ ሦስቷን ደቂቃ ሥሩ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው።

ትንሽ ታሪክ ፈልጉ። ለምሳሌ አንዲት ሴት ታክሲ ውስጥ ናት። መቶ ብር ሰጥታለች፣ ረዳቱ መልሷን አልሰጣትም። መውረጃዋ እየደረሰ ነው። ለመጠየቅ ታፍራለች፣ ብሩ ደግሞ ያስፈልጋታል። በቃ፣ ይሄ ፊልም ነው። የምትፈልገው ነገር አለ፣ የሚያግዳት ነገር አለ፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው። ሦስት ደቂቃ ውስጥ ፍቅር፣ ክህደት፣ ስደትና ይቅርታ አብራችሁ ለመክተት አትሞክሩ።

ስክሪፕቱን በሦስት ገጽ ጻፉ። በሙያው አንድ ገጽ ወደ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። የምትጽፉት የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ ይሁን። "ተስፋ ቆርጣለች" የሚለው አይቀረጽም። "ስልኳን አወጣች፣ ሳትከፍተው መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው" የሚለው ይቀረጻል።

ካሜራው ስልካችሁ ይሁን። ግን ዝም ብላችሁ አትክፈቱት። እኛ አገር መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ስትቀርጹ ፍሎረሰንቱ ሊርገበገብባችሁ ይችላል። በ25 ፍሬም፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጋችሁ ቅረጹ። አሜሪካ ያላችሁ መብራታችሁ 60 ኸርዝ ስለሆነ 24 ወይም 30 ፍሬም ከ1/60 ሹተር ጋር ይሄዳል። ፎከሱንና የብርሃኑን መጠን ቆልፉት፣ አለዚያ ተዋናይዋ ጭንቅላቷን ባነቃነቀች ቁጥር ስልኩ በራሱ ይደምቃል ይጨልማል።

ታክሲዋ መሄድ የለባትም። የቆመች ሚኒባስ ለሁለት ሰዓት ተከራዩ፣ ፊቶችን ተጠግታችሁ ቅረጹ፣ ሁለት ጓደኞቻችሁ ከውጭ ሆነው በቀስታ ይወዝውዟት። የመንገዱን ድምፅ ሌላ ቀን እውነተኛ ታክሲ ተሳፍራችሁ ለብቻው ቅዱ። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ ሲኒማ ማለት ይሄው ነው።

ድምፅ ላይ አትቆጥቡ። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሳል፣ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገስም። አንገት ላይ የምትሰካ ርካሽ ማይክ እንኳ ከስልኩ ማይክ በብዙ ትሻላለች። ቤት ውስጥ ስትቀርጹ ፍሪጁን ንቀሉት። የቤታችሁን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሳትሰኩት መውጣት አትችሉም። የቅዳሴውን፣ የአዛኑንና የሰፈሩን ጀነሬተር ሰዓት አውቃችሁ ፕሮግራም አውጡ። ከእያንዳንዱ ቦታ ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉም ሰው ዝም ብሎ 30 ሰከንድ የቤቱን ድምፅ ብቻ ቅዱ። ኤዲቲንግ ላይ ንግግር ስትቆርጡ በመሃል የሚፈጠረውን ቀዳዳ የሚደፍነው እሱ ነው።

ኤዲት ለማድረግ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ነፃው ስሪት ከበቂ በላይ ነው፣ ደህና ኮምፒውተር ግን ይፈልጋል። ከሌላችሁ ስልክ ላይ ባለው ሥሩ። የመጀመሪያውን ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ሁለት ቀን አትክፈቱት። ከዚያ ለማይሳሱላችሁ ሦስት ሰዎች አሳዩ። ምንም አታስረዱ። "የት ላይ ሰለቻችሁ?" ብላችሁ ብቻ ጠይቁ። ሲመልሱ አትከራከሩ፣ ጻፉ።

የታዋቂ ዘፋኝ ሙዚቃ አትጠቀሙ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን አንድ ትልቅ ፊልም አስሯል። ቻርልስ በርኔት እዚያው ዩሲኤልኤ ከፕሮፌሰር ኃይሌ ጋር በአንድ ዘመን የተማረ ነው። "ኪለር ኦፍ ሺፕ" የተባለውን የመመረቂያ ፊልሙን በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በየቅዳሜና እሑዱ፣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ሠራው። ዛሬ ከአሜሪካ ታላላቅ ፊልሞች አንዱ ተብሎ ይቆጠራል። ግን ፊልሙ ውስጥ ለገቡት ዘፈኖች መብት ስላልተከፈለ በሲኒማ ቤቶች በወጉ መታየት የቻለው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፣ ለዘፈኖቹም 150,000 ዶላር ወጥቷል። ጊታር ወይም ክራር የሚጫወት ጓደኛ ካላችሁ ጥሩት፣ በፈቃዱ እንደሠራም በወረቀት አስፈርሙት።

ደረጃ 3፦ ማየትን ልመዱ

በሳምንት አንድ ፊልም ሁለት ጊዜ እዩ። ሁለተኛውን ድምፁን አጥፍታችሁ። ከዚያ ግማሽ ገጽ ጻፉ፦ ካሜራው የት ቆመ፣ ለምን እዚህ ጋ ቆረጠ? አዲስ አበባ ያላችሁ የጎተ ኢንስቲትዩትንና የአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝን ፕሮግራም ተከታተሉ። ሌላ ቦታ የማታገኟቸውን ፊልሞች አንዳንዴ እዚያ ታገኛላችሁ።

ደረጃ 4፦ የት እንደምታመለክቱ ወስኑ

ስም አይታችሁ አትሩጡ። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አራት ጥያቄ ላኩ። አንድ ተማሪ እስኪመረቅ ስንት ፊልም ይሠራል? አንድ ካሜራ ለስንት ተማሪ ይደርሳል? የሠራሁት ፊልም ባለቤት ማነው፣ እኔ ወይስ ትምህርት ቤቱ? የአምናዎቹን የመመረቂያ ፊልሞች የት ላያቸው? አራተኛውን መመለስ የሚያቅተው ትምህርት ቤት ያጠራጥረኛል።

ገንዘቡን በቅድሚያ አስሉ። አሜሪካ በግል ዩኒቨርሲቲ ፊልም መማር እጅግ ውድ ነው። ያሬድ ዘለቀ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ፣ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ደግሞ ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ፊልሞቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ካን፣ በ2014 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ደርሰዋል። ስሙ ያጓጓል። ዕዳው ግን የእናንተ ነው፤ ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ ፊልም ከመሥራት ይልቅ ያገኘውን ሥራ ለመያዝ ይገደዳል። እዚያ ለምትኖሩ ልጆች እኔ የምመክረው መጀመሪያ ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያ የምትኖሩበት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ በጊዜ ሙሉ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን እዩት፣ ፕሮፌሰር ኃይሌ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምረው ያስተማሩት እዚያ ነው።

አውሮፓ ለምታስቡ፣ ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የማስተርስ ስኮላርሺፕ የትምህርቱንም የኑሮውንም ወጪ ይሸፍናል። ከነዚህ ፕሮግራሞች አንዱ ዶክኖማድስ ነው፤ ዘጋቢ ፊልም ፖርቱጋል፣ ሃንጋሪና ቤልጂየም እየተዘዋወራችሁ ትማራላችሁ። ጀርመን ያሉት የመንግሥት የፊልም ትምህርት ቤቶች ክፍያቸው ትንሽ ነው፣ አብዛኞቹ ግን ጀርመንኛ ይጠይቃሉ። ፕራግ ያለው ፋሙ የተባለው የፊልም ትምህርት ቤትም በቼክኛ ነፃ ነው፣ በእንግሊዝኛ ያስከፍላል። ቋንቋ መማር አንድ ዓመት ተኩል ቢወስድባችሁ እንኳ ሒሳቡን ሥሩት፣ ሊያዋጣ ይችላል። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ኢየሩሳሌም የሚገኘውን የሳም ስፒገል ትምህርት ቤት ሳታዩ አትወስኑ። የፊልም ዳይሬክተሯ አላሞርክ ማርሻ የተማረችው እዚያ ነው።

አንድ ነገር አደራ። "ስኮላርሺፕ እናስገኛለን" ብሎ ብር ለሚጠይቅ ደላላ አትክፈሉ። ማመልከቻው ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ራሳችሁ መሙላት ትችላላችሁ።

ደረጃ 5፦ ማመልከቻውን ላኩ

ቀነ ገደቡ ከምታስቡት ይቀድማል። አሜሪካም አውሮፓም ብዙዎቹ በመስከረም ለሚጀመር ትምህርት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይዘጋሉ። ትራንስክሪፕት ማውጣት፣ ማስተርጎምና ማረጋገጥ ወራት ሊበላ ይችላል፤ የቋንቋ ፈተናውም እንደዚሁ። ፓስፖርታችሁን ዛሬ ክፈቱና የሚያበቃበትን ቀን እዩ።

ደብዳቤውን "ከልጅነቴ ጀምሮ ፊልም እወዳለሁ" ብላችሁ አትጀምሩ። መራጮቹ ይሄን ዓረፍተ ነገር በየቀኑ ያነቡታል። ከታክሲዋ ጀምሩ። ያቺን ሴት ለምን መረጣችኋት? ስትቀርጹ ምን አበላሻችሁ? ቀጥሎ ማን ላይ ካሜራችሁን ማዞር ትፈልጋላችሁ? ያበላሻችሁትን ለይታችሁ ካወቃችሁ መማር እንደምትችሉ ይገባቸዋል።

ፊልሙ ላይ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ጨምሩ፣ ትርጉሙንም ለሌላ ሰው አሳዩ። ሊንኩን ከመላካችሁ በፊት በሰው ስልክ ክፈቱት። የይለፍ ቃሉ ስላልሠራ ብቻ ሳይታይ የቀረ ፊልም አውቃለሁ፣ ሙሉ ዓመት ነው ያስጠበቀው።

ደረጃ 6፦ ቤተሰብ

እናትና አባታችሁ "ፊልም ደግሞ ትምህርት ነው?" ቢሉ አትቆጡ። የሚፈሩት የእንጀራችሁን ነገር ነው። ስለ ሽልማትና ስለ ካን አታውሯቸው። ሥራውን ቆጥራችሁ ንገሯቸው፦ ማስታወቂያ፣ ቴሌቪዥን፣ የድርጅቶች ዘጋቢ ፊልም፣ ኤዲቲንግ፣ የድምፅ ሥራ፣ ሠርግ ቀረጻ። ከዚያ ሦስቷን ደቂቃ አሳዩአቸው። የእኔ አባት ሐሳቡን የቀየረው ስለ ሙያው ባስረዳሁት ቀን አልነበረም። ጎረቤታችን በፊልሜ ውስጥ ስትስቅ አይቶ "ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?" ያለኝ ቀን ነው።

ደረጃ 7፦ ከገባችሁ በኋላ

የመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ዳይሬክተር መሆን ይፈልጋል። ቡም (ማይክ ያለበትን ረጅም ዘንግ) የሚይዝ ይጠፋል። እናንተ ያዙት። በሌላው ፊልም ላይ ድምፅ ቅዱ፣ መብራት ተሸከሙ፣ ኬብል ጠቅልሉ፣ ምሳ አምጡ። ተራችሁ ሲደርስ ሰው የሚመጣላችሁ ያኔ ነው። ከክፍል የምታገኙት ትልቁ ነገርም እነዚህ ልጆች ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በኋላም አብራችሁ የምትሠሩት ከእነሱ ጋር ነው።

ሥራችሁ ክፍል ውስጥ ሲተች ያማል። እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። አንድ ሰው ያለውን ልትተዉት ትችላላችሁ፤ ሦስት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ከጠቆሙ ግን ቦታው ችግር አለበት፣ የሰጧችሁ መፍትሔ ልክ ባይሆን እንኳ።

የመመረቂያ ፊልማችሁን ትንሽ አድርጉት። ሁለት ቦታ፣ ሦስት ተዋናይ፣ አምስት ቀን። መንገድ ላይ የምትቀርጹ ከሆነ የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤ ቀድማችሁ አውጡ፣ ኮፒውን ኪሳችሁ ያዙ፣ የሰፈሩን ልጆችም አስቀድማችሁ አናግሩ። ሲያልቅ ወዲያው ዩቲዩብ ላይ አትጫኑት። ብዙ ፌስቲቫሎች በይፋ የወጣ ፊልም አይቀበሉም። የተማሪ ዘርፍ ያላቸውን መርጣችሁ ላኩ፣ ለአንድ ዓመት ያህል ታገሱ።

ተመርቃችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ሁሉ ገልብጡ። ዋናውን ፋይል፣ የኤዲቲንግ ፕሮጀክቱን፣ ድምፁን ለብቻው፣ የግርጌ ጽሑፉን፣ ተዋናዮቹና ሙዚቀኛው የፈረሙበትን ወረቀት ስካን አድርጋችሁ። በሁለት ሀርድ ዲስክ ይሁን። አንዱ እናንተ ጋ፣ ሌላው እናታችሁ ቤት።